ፒአር ሳይመጣ ቤት ብገዛ የመጀመሪያ ቤት ገዢ ተመላሽ ይቀርብኛል?

ጥያቄው፦ «ቶሮንቶ ነው የምኖረው። ካናዳ የገባሁት በ2022 ነው። የጥገኝነት ጉዳዬ ተፈቅዶልኝ አሁን ፒአር (ቋሚ ነዋሪነት) እየጠበቅሁ ነው። በ600,000 ዶላር ሰው የኖረበት ኮንዶ ለመግዛት ተስማምቻለሁ፤ ክሎዚንጉ (ክፍያው አልቆ ቤቱ በስሜ የሚዞርበት ቀን) ከሦስት ወር በኋላ ነው። ኤጀንቴ የመጀመሪያ ቤትሽ ስለሆነ ላንድ ትራንስፈር ታክሱ (ቤት በስም ሲዞር የሚከፈለው ታክስ) ይመለስልሻል ብሎኝ ነበር። ጠበቃው ደግሞ ፒአር ስላልሆንሽ አይመለስም አለኝ። ፒአሩ እስኪመጣ ልጠብቅ? ገቢዬ ለሞርጌጅ (ለቤት ብድር) ስለማይበቃ በዎርክ ፐርሚት (በሥራ ፈቃድ) ያለው ወንድሜ ቤቱ ላይ ስሙን አስገብቶ ሊረዳኝ ፈቃደኛ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ አባታችን በ2023 ካረፈ በኋላ የአዲስ አበባው ቤት በእኛ በልጆቹ ስም ዞሯል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ግን አንድም ብር አላገኘሁበትም። ይህ ለውጥ ያመጣል?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ጉዳይሽ ተሳካልሽ። ጠበቃሽ ያለሽ እውነት ነው፤ ግን አልጨረሰውም። ኤጀንትሽ ያለሽም ሊሆን ይችላል፤ ግን በክሎዚንጉ ቀን አይሆንም። የቤት ግዢ ሰነድና ታክስ ላይ ስለምሠራ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልኛል። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለተመላሹ ነው። ያንቺ ትልቁ አደጋ ግን ወንድምሽ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ወንድምሽ በባለቤትነት አይግባ። ኦንታሪዮ ውስጥ ዜጋ ወይም ፒአር ያልሆነ ሰው ቤት ሲገዛ የሚከፍለው ኖን-ረዚደንት ስፔኩሌሽን ታክስ («ነዋሪ ባልሆኑ ላይ የሚጣል ታክስ» እንደማለት) የሚባል ነገር አለ። በ2017 ሲጀመር 15 በመቶ ነበር፤ ቶሮንቶንና ዙሪያዋን ብቻ ነበር የሚነካው። በማርች 2022 ወደ 20 በመቶ ከፍ ብሎ መላውን ክፍለ ሀገር ሸፈነ። ከኦክቶበር 25 ቀን 2022 ጀምሮ ደግሞ 25 በመቶ ሆኗል። ስሙን ሰምቶ «እኔ እዚሁ ነዋሪ ነኝ፤ አይመለከተኝም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ይመለከተዋል። እዚህ ስንት ዓመት ኖረህ፣ ስንት ዓመት ታክስ ከፈልክ አይልም። ዜጋ ነህ ወይስ ፒአር ነው የሚለው።

በዚህ ላይ የቶሮንቶ ከተማ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የራሱን 10 በመቶ ጨምሯል። በ600,000 ዶላር ላይ አስልተሽ እዪው። ለክፍለ ሀገሩ 150,000፣ ለከተማው 60,000፣ በድምሩ 210,000 ዶላር። ይህ ለመንግሥት የሚሄድ እንጂ ከቤቱ ዋጋ የሚቀነስ አይደለም።

አንቺ ከዚህ ነፃ ነሽ። ጥገኝነቱ የተፈቀደለት ሰው ቤቱን ዋና መኖሪያው እስካደረገ ድረስ ታክሱ አይነካውም። ችግሩ የሚመጣው ገዢዎቹ ከአንድ በላይ ሲሆኑ ነው። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ነፃ ካልሆነ ታክሱ በእሱ ድርሻ ላይ ብቻ አይሰላም፤ በሙሉው ዋጋ ላይ ነው የሚሰላው። ወንድምሽ አንድ በመቶ ቢይዝም ያው ነው። ዕዳውም የጋራ ስለሆነ መንግሥት ከፈለገ ሙሉውን ከአንቺ ይጠይቃል። የትዳር ጓደኛሽ ቢሆን ኖሮ በአንቺ በኩል ነፃ ይሆን ነበር። ለወንድም ግን ይህ አይሠራም።

ሰዎች እዚህ ላይ የሚሳሳቱበት ምክንያት ይገባኛል። የፌደራሉ መንግሥት ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የውጭ ዜጎች ቤት እንዳይገዙ ከልክሏል፤ ክልከላው እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ተራዝሟል። ዎርክ ፐርሚቱ ላይ 183 ቀንና ከዚያ በላይ የቀረው ሰው ግን አንድ ቤት መግዛት ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው «ወንድምሽ እኮ መግዛት ይፈቀድለታል» ቢልሽ አልዋሸም። መግዛት ይችላል። 25 በመቶውን ከነከተማው 10 በመቶ እየከፈለ ነው የሚችለው። የፌደራሉ ሕግና የኦንታሪዮ ታክስ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ፈቀደ ማለት ሌላው አያስከፍልም ማለት አይደለም።

ታዲያ ለሞርጌጁ ምን ይሻላል? ወንድምሽ ብድሩ ላይ ዋስ ብቻ ሆኖ መፈረም ይችል እንደሆነ ባንኩን ወይም የሞርጌጅ ብሮከርሽን ጠይቂ። አንዳንድ አበዳሪ ይቀበላል፤ አንዳንዱ ቤቱ ላይ ስሙ ካልገባ አልቀበልም ይላል። ከተቀበለ ስሙ የብድሩ ወረቀት ላይ ይሁን እንጂ የባለቤትነት ሰነዱ ላይ አይስፈር። ደግሞ በጎን «ግማሹ ያንተ ነው» የሚል ወረቀት እንዳትጽፉ። ቤቱ በአንቺ ስም ሆኖ ጥቅሙ የእሱ ከሆነ ሕጉ እሱንም እንደ ገዢ ያየዋል። በቤተሰብ መሀል መተማመን ጥሩ ነው። እንዲህ ያለ ውል ግን ሁለታችሁንም ዕዳ ውስጥ ይከታችኋል። ወንድምሽ ሊረዳሽ ከቻለ በገንዘብ ይርዳሽ። ለዳውን ፔይመንት (ለቅድሚያ ክፍያው) የሚሰጥሽን ገንዘብ ስጦታ መሆኑን በደብዳቤ ያረጋግጥልሽ፤ ባንኮች ይህንን አሠራር በደንብ ያውቁታል።

አሁን ወደ ተመላሹ። ኦንታሪዮ ለመጀመሪያ ቤት ገዢ ከላንድ ትራንስፈር ታክሱ እስከ 4,000 ዶላር ትመልሳለች። የቶሮንቶ ከተማም በበኩሉ እስከ 4,475 ዶላር ይመልሳል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ግን ኦንታሪዮ ዜጋ ወይም ፒአር መሆንን ግዴታ አድርጋለች። ከተማውም በዚያው ዓመት ተከትሏል። ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው እዚህ ጋ ልዩ አስተያየት አይደረግለትም። ከ25 በመቶው ነፃ ያደረገሽ ወረቀት ለተመላሹ አይበቃሽም።

ከክሎዚንጉ ጥቂት ቀን በፊት ጠበቃሽ የሂሳብ ወረቀት ይልክልሻል። ላንድ ትራንስፈር ታክስ የሚለውን መስመር ፈልጊ። በ600,000 ዶላር ቤት ላይ እንዲህ ነው የሚመጣው። እስከ 55,000 ድረስ ግማሽ በመቶ፣ 275 ዶላር። ከዚያ እስከ 250,000 አንድ በመቶ፣ 1,950። ከዚያ እስከ 400,000 አንድ ተኩል በመቶ፣ 2,250። ለቀሪው 200,000 ሁለት በመቶ፣ 4,000። ድምሩ 8,475 ዶላር ይሆናል። ቶሮንቶ ከተማ ውስጥ ስለሆንሽ ይኸው 8,475 ለከተማው ይደገማል። በጠቅላላ 16,950 ዶላር ማለት ነው። ሚሲሳጋ ወይም ብራምፕተን ብትገዢ የከተማው ታክስ አይኖርም ነበር። ፒአር የሆነ የመጀመሪያ ገዢ በሁለቱ ተመላሾች 8,475 ይቀነስለትና ግማሹን ብቻ ይከፍላል። አንቺ ግን በዚያ ቀን ሙሉውን ትከፍያለሽ።

ይህ ገንዘብ ሞርጌጁ ውስጥ አይገባም። በጥሬ ገንዘብ አካውንትሽ ላይ መገኘት አለበት። ዳውን ፔይመንት ብቻ ቆጥረው የሚመጡ ሰዎች የመጨረሻው ሳምንት ላይ እዚህ ጋ ይጨነቃሉ። ባንኩ ለክሎዚንግ ወጪ የዋጋውን አንድ ተኩል በመቶ አሳዪኝ ሊልሽ ይችላል። ያ 9,000 ዶላር ነው፤ ለታክሱ እንኳ አይበቃም። የጠበቃው ክፍያ ደግሞ ገና አልተነሳም።

ጠበቃሽ ያልጨረሰልሽ እዚህ ላይ ነው። ቤቱ በስምሽ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ በ18 ወር ውስጥ ፒአር ከሆንሽ ገንዘቡን መጠየቅ ትችያለሽ። ለምሳሌ ቤቱ ጁን 15 ቀን 2026 ቢመዘገብ እስከ ዲሴምበር 15 ቀን 2027 ጊዜ አለሽ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፒአሩ መምጣት ብቻ ሳይሆን ማመልከቻውም ገብቶ ማለቅ አለበት። ማመልከቻው ደግሞ ሁለት ነው፤ አንዱ ለኦንታሪዮ የፋይናንስ ሚኒስቴር፣ ሌላው ለቶሮንቶ ከተማ። አንዱን ልኮ ሌላውም አብሮ የተላከ የሚመስለው ሰው አለ። አይላክም።

የሚቆጠረው ቀን ፒአር ካርዱ በፖስታ የደረሰሽ ቀን አይደለም። የፒአር ማረጋገጫው ሰነድ ላይ የተጻፈው፣ ፒአር የሆንሽበት ቀን ነው። ካርዱ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ካርዱን ስትጠብቂ 18 ወሩ እንዳያልፍሽ፤ ማረጋገጫው ሰነድ በቂ ነው። ከዚህ ሌላ ከተመዘገበ በዘጠኝ ወር ውስጥ ቤቱ ገብተሽ መኖር ይጠበቅብሻል። ይህ ለአንቺ ችግር አይመስለኝም።

እንግዲህ ልጠብቅ ወይ ላልሽው፣ እኔ አትጠብቂ ነው የምለው። ፒአርሽ ቅርብ ከሆነ መጠበቅ አያስፈልግሽም፤ 18 ወሩ ይሸፍንሻል። ሩቅ ከሆነ ደግሞ ቶሮንቶ ውስጥ የአንድ መኝታ ቤት ኪራይ በወር ከ2,000 ዶላር በላይ ነው፤ 8,475 ዶላር ለማዳን ብለሽ ስትጠብቂ ኪራዩ ከዚያ በላይ ይበላብሻል። የጥገኝነት ጉዳያቸው ተፈቅዶ ፒአር ከዓመት በላይ የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ተመላሹ ጨርሶ እንደማይመጣ አድርገሽ በጀትሽን ሥሪ። በ16,950 ዶላሩ ቤቱን መግዛት ከከበደሽ፣ አሁን የሚያስፈልግሽ ፒአር ሳይሆን ትንሽ ርካሽ ቤት ነው። ገንዘቡ ካለሽ ግን ግቢበት። ሻጩ ክሎዚንጉን ትንሽ ለማራዘም ፈቃደኛ ከሆነ ያ ይጠቅምሻል፤ 18 ወሩ የሚጀምረው ከተመዘገበበት ቀን ነውና።

ስለ ተመላሹ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን አንድ ነገር ላይ ተንጠልጥሏል። መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሽው የአባትሽ ቤት ነው።

የኦንታሪዮ ሕግ የመጀመሪያ ቤት ገዢ የሚለው በዓለም ላይ የትም ቦታ፣ መቼም ቢሆን ቤት ወይም የቤት ድርሻ ኖሮት የማያውቅ ሰውን ነው። ድርሻው በግዢ መጣ፣ በስጦታ መጣ፣ በውርስ መጣ ልዩነት የለውም። አልኖርሽበትም፣ ኪራይ አልተቀበልሽም፣ አይተሽውም አታውቂም፤ ይህም አያድንሽም። አምስት ልጆች ሆናችሁ አንድ አምስተኛው ያንቺ ከሆነ፣ ያ አንድ አምስተኛ ተመላሹን ይዘጋዋል። ፒአር አለመሆን በጊዜ የሚፈታ ነገር ነው። ይህ ግን አይፈታም። ፒአር ሆነሽም፣ ዜጋ ሆነሽም ያው ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ቶሎ የሚመጣለት «ድርሻዬን ለእህቴ ላዙርላትና ንጹህ ልሁን» የሚል ነው። እባክሽ እንዳታደርጊው። ሕጉ የሚጠይቀው አሁን አለሽ ወይ ሳይሆን ኖሮሽ ያውቃል ወይ ነው። ዛሬ ብታዞሪው ተመላሹንም አታገኚም፣ የአባትሽንም ድርሻ ታጪያለሽ። 8,475 ዶላር ገንዘብ ነው፤ አዲስ አበባ ያለ የቤት ድርሻ የሚለቀቅበት ግን አይደለም።

መጀመሪያ ግን እውነቱን እወቂ። «ሲሉ ሰምቻለሁ» ብለሻል። በወሬ ላይ ተመሥርቶ መሐላ አይፈረምም። ማመልከቻው የመሐላ ቃል አለው፤ የትም ቦታ ቤት ኖሮኝ አያውቅም ብለሽ ነው የምትፈርሚው። ወንድም እህቶችሽ የቤቱን ካርታና ከፍርድ ቤት የወጣውን የወራሽነት ማረጋገጫ ፎቶ አንስተው ይላኩልሽ። ስምሽ አለ? ካርታው የዞረው ለእናትሽ ብቻ ነው ወይስ ለልጆቹም? ከዚያ አስተርጉመሽ ለጠበቃሽ አሳዪው። ስምሽ ካለ ተመላሹን እርሺው። ካናዳ ያለ መሥሪያ ቤት የአዲስ አበባን ካርታ ከየት ያገኘዋል የሚል ምክር የሚሰጥሽ አይጠፋም። አትስሚው። በውሸት የተወሰደ ተመላሽ ሲገኝ ከነወለዱ ነው የሚመለሰው፤ ቅጣትም አለው። በዚህች አገር ገና ወረቀቷ በሂደት ላይ ላለ ሰው የሐሰት መሐላ ፊርማ መተው ለማንም የማልመክረው ነገር ነው።

ይህን የሚያነቡ ሌሎችም ስላሉ ጥቂት ልጨምር። ባዶ ቦታ ቤት አይደለም። ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ በንግድ ባንክ እየቆጠበ ዕጣ የሚጠብቅ ሰውም ገና የቤት ባለቤት አይደለም። ዕጣው ወጥቶለት ቤቱን የተረከበ ግን ባለቤት ነው፤ አከራይቶት ቢሆንም። ባለትዳሮች ደግሞ ይህን አስተውሉ፤ በትዳር ላይ እያላችሁ የትዳር ጓደኛችሁ የትም ቦታ ቤት ከነበረው እናንተም ተመላሹን አታገኙም። ባልየው አዲስ አበባ ሆኖ ኮንዶሚኒየም በስሙ ካለ፣ ቶሮንቶ ያለችው ሚስት ተመላሹ ያመልጣታል።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለው ክፍል። ፒአር የማይጠይቁ የፌደራል ጥቅሞች አሉ፤ ብዙ አበሻ ደግሞ ፒአር የሚጠይቁ ስለሚመስለው ይተዋቸዋል። ዋናው ኤፍኤችኤስኤ የሚባለው የመጀመሪያ ቤት ቁጠባ አካውንት ነው። የሚጠይቀው ለታክስ የካናዳ ነዋሪ መሆንና ዕድሜ ነው። በ9 የሚጀምር፣ ለጊዜያዊ ነዋሪ የሚሰጠውን የሲን ቁጥር ይዘሽም ትከፍቺዋለሽ። በዓመት 8,000 ዶላር፣ በጠቅላላው 40,000 ታስገቢያለሽ። ያስገባሽው ከገቢሽ ላይ ይቀነሳል፤ ለቤት ስታወጪውም ታክስ የለውም።

እዚህም የመጀመሪያ ገዢ መሆን ይጠየቃል፤ መለኪያው ግን ሌላ ነው። የሚያየው በዚህ ዓመትና ባለፉት አራት ዓመታት የራስሽ በሆነ ቤት ውስጥ ኖረሻል ወይ የሚለውን ነው። ቤቱ ካናዳ ይሁን ውጭ አገር ልዩነት የለውም። አካውንቱን ስትከፍቺ የትዳር ጓደኛሽ ቤትም ይታያል። አንቺ አባትሽ ሲያርፍ እዚህ ነበርሽ፤ ድርሻው ያንቺ ከሆነ በኋላ አልኖርሽበትም። ስለዚህ የአዲስ አበባው ቤት ኤፍኤችኤስኤን አይነካብሽም።

ሦስት ወር አለሽ፤ ተጠቀሚበት። ለዳውን ፔይመንት ካስቀመጥሽው ላይ 8,000 ዶላር ኤፍኤችኤስኤ ውስጥ አሳልፊው። ገንዘቡ እዚያ ይህን ያህል ጊዜ ይቆይ የሚል ደንብ የለም። ክሎዚንጉ ከዲሴምበር የሚሻገር ከሆነ ዛሬ ክፈቺውና በጃንዋሪ ሌላ 8,000 ጨምሪ። እንደ ገቢሽ መጠን እያንዳንዱ 8,000 ከ1,500 እስከ 2,500 ዶላር ያህል ታክስ ይቀንስልሻል። ሁለቱን ካደረግሽ የቀረብሽን ተመላሽ ጥሩ ድርሻ ከዚሁ ታገኚዋለሽ።

አርአርኤስፒ (የጡረታ ቁጠባ አካውንት) ካለሽ ደግሞ ለቤት መግዣ እስከ 60,000 ዶላር ማውጣት ይቻላል። ይህም ፒአር አይጠይቅም። ገንዘቡ ግን ከመውጣቱ በፊት 90 ቀን እዚያ መቀመጥ አለበት፤ በኋላም በየዓመቱ ትመልሺዋለሽ። ከኤፍኤችኤስኤ የወጣው ግን አይመለስም፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ሙዪ። በቀጣዩ ታክስ ወቅት የቤት ገዢዎች ክሬዲት የሚባለውንም አትርሺ። 10,000 ዶላር ይመዘገባል፤ ከታክስሽ ላይ የሚቀነሰው ግን ከ1,400 እስከ 1,500 ዶላር ያህል ነው። ይህንንም ማንም ፒአር ነሽ ወይ አይልሽም። የታክስ ሠሪሽ ቤት መግዛትሽን ካላወቀ አይሞላልሽም፤ ንገሪው።

አዲስ ቤት በቀጥታ ከሠሪው ለምትገዙ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። በሜይ 2025 የታወጀው የጂኤስቲ (የፌደራሉ የሽያጭ ታክስ) ተመላሽ እስከ 50,000 ዶላር ይደርሳል፤ እሱ ግን ዜግነት ወይም ፒአር ይጠይቃል። ለእናንተ ፒአር መጠበቁ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ያልተወሰነ ደግሞ ተጠንቀቁ። ጉዳዩ ተቀባይነት አግኝቶ ለችሎት የተላለፈለት ሰው ከፌደራሉ ክልከላ ነፃ ነው። ከኦንታሪዮ 25 በመቶ ግን አይደለም። ውሳኔው እስኪመጣ አትግዙ። ከፍለው የገዙ ሰዎች በአራት ዓመት ውስጥ ፒአር ከሆኑና ቤቱ ውስጥ ከኖሩ 25 በመቶውን ማስመለስ ይችላሉ፤ ቤቱ ግን በእነሱና በትዳር ጓደኛቸው ስም ብቻ የተያዘ መሆን አለበት። ካልጋሪና ኤድመንተን ያላችሁ፣ አልበርታ ላንድ ትራንስፈር ታክስ የላትም፤ የምዝገባ ክፍያ ብቻ ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። የካርታው ፎቶ መጥቶ ስምሽ ከሌለበት፣ ለጠበቃሽ በኢሜይል እንዲህ በዪው፦ «ፒአር በ18 ወር ውስጥ ከመጣ የሁለቱንም ተመላሽ ማመልከቻ ታዘጋጅልኛለህ ወይ? ክፍያህስ ስንት ነው?» መልሱን በጽሑፍ ያዢ። የግዢውን ውል፣ የተመዘገበውን ሰነድ፣ ታክሱ የተከፈለበትን የሂሳብ ወረቀት፣ በአዲሱ አድራሻ የመጡልሽን የመብራትና የኢንተርኔት ቢሎች አንድ ቦታ አስቀምጪ። ቤቱ ከተመዘገበ በኋላ 15ኛው ወር ላይ ስልክሽ ላይ ማስታወሻ ሙዪ። ያኔም ፒአሩ ካልመጣ የሕዝብ እንደራሴሽ ቢሮ ደውለሽ የማመልከቻሽን ሁኔታ እንዲጠይቁልሽ አድርጊ።